አዳማ ላይ ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ የሚከፈት ሲሊንደር፦ ማን ጋ ይታደስ? የትኛው ይገዛ?

ባለፈው ሳምንት «ፍራንኮ አካባቢ ጥሩ ቁልፍ ሠሪ ጠቁሙኝ፣ የሳሎኔ በር ቁልፍ ገብቶ አልዞር አለ» ላለችው እህት በሁለት መስመር መመለስ ስላልቻልኩ ነው ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ከሰው ጥቆማ በፊት አንድ ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ፦ ሰራቱራሽ አልሞተም ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ተፈትቶ መጽዳት ነው።

በሩ ውስጥ የተቀበረው፣ ምላሱን የሚያስወጣና የሚያስገባው የብረት ሳጥን ሰራቱራው ነው። ቁልፉ የሚገባበት፣ ከሁለቱም ወገን ብቅ ያለው ነገር ደግሞ ሲሊንደሩ ነው። ሲሊንደሩ በአንዲት ረጅም ቪቴ ብቻ የተያዘ፣ ለብቻው የሚወጣና ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው። ይህን ሳላውቅ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ጠራሁ። ሲሊንደሩን በትራፓኖ በሳው፣ «ሙሉው አልቋል» አለና አዲስ ሰራቱራ አስገዛኝ። አዲሱ ሳጥን ከቀድሞው ሰፋ ስለሚል የበሬ ላሜራ ተቆረጠ። ያ ጠባሳ ቀለም ተቀብቶም ዛሬ ድረስ ይታያል። የተበሳውን ሲሊንደር ኋላ ላይ ለሌላ ባለሙያ ሳሳየው በጣቱ ጠራርጎ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አቧራና ዘይት ነው የያዘው» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የከተማችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይን ተክሎ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚሁ ነፋስ ነው። በበጋ ጠዋት የተወለወለ መስኮት ማታ ላይ በጣት ይጻፍበታል። ያ አቧራ ቁልፍ መግቢያው ውስጥም ይገባል። ቁልፉ ጠበቅ ሲል ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፦ የምግብ ዘይት ወይ የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግ። ለሁለት ሳምንት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ይይዝና እንደ ጭቃ ይሆናል። ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች ይጣበቃሉ፣ ቁልፉ ሲገባ የሚያነሳቸው ትንንሽ ዘንጎች፣ ፒኖቹ ማለት ነው፣ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። እባካችሁ ዘይት አታፍስሱበት። የእርሳስ ጥቁር ዱቄት ቁልፉ ላይ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ ብታስገቡ ይሻላል። እርሳሱ ግራፋይት ስለሆነ ያለሰልሳል፣ አቧራም አይሰበስብም።

አሁን ወደ ጥቆማው። እኔ ሦስት ዓይነት ቦታ ሞክሬአለሁ፦ በር የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች፣ የሕንፃ ዕቃ መሸጫዎች፣ መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ቁልፍ ቀራጮች። ብረታ ብረት ቤት የሚኬደው በሩ ራሱ ተጣሞ ምላሱ ከመግቢያው ጋር አልገጥም ሲል ነው። ለሲሊንደር አልመክርም።

ለማስፈታትና ለማጽዳት ምርጫዬ ቁልፍ ቀራጮቹ ናቸው፣ ግን ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ ማሽን አላቸው፣ ቁልፍ ያባዛሉ፣ እዚያ ላይ ያበቃል። የሚፈታውን የምትለዩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘንጉን ስታወጣው ሞላዎቹን በምን ትይዛቸዋለህ?» በሉት። ዘንጉ ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው የሲሊንደሩ ክፍል ነው። የሚያውቅ ሰው ከዕቃ መያዣው አጫጭር የነሐስ ቁርጥራጮች አውጥቶ ያሳያችኋል። እኔ የማምናቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ የሚሠሩት ከገበያው አጠገብ ነው፤ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ የጠየቀኝን ግን እወስደዋለሁ። በርጩማ ሰጥተው አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፣ ሥራውንም እያዩ መማር ይቻላል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በሩ ክፍት ሆኖ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ከሲሊንደሩ ትይዩ ያለችው ቪቴ በካቻቢቴ ትፈታለች። ቁልፉ ይገባና ትንሽ ዞር ይደረጋል፤ ሲሊንደሩ መሃል ላይ ያለችው፣ ምላሱን የምትገፋው ጥርስ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ስትስተካከል ብቻ ነው ተስቦ የሚወጣው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በመዶሻ የሚመታው። ጥርሷ ገና ጎን ላይ ከሆነች መዶሻ ሰራቱራውን ይሰብራል እንጂ አያወጣውም።

ይህን ቤት ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለባለሙያ ተዉት። ከጥርሷ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ፣ እነሱ ሲነሱ ጥርሷና መሃል ያለችው አገናኝ ይወጣሉ። ቁልፉ ገብቶ በትንሹ ከዞረ በኋላ ዘንጉ ወደ ፊት ይገፋል። ከኋላው እነዚያ አጫጭር የነሐስ ቁርጥራጮች እየተከታተሉ ይገባሉ። አጫጭር የሆኑት ጥርሷ የነበረችበት ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ነው። በዘንጉና በቁርጥራጩ መካከል ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ ሞላው ፒኑን ይተፋዋል። ጋሼ እዚያ ላይ ሲደርሱ ወሬ ያቆማሉ።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ ፒኖቹን አንድ በአንድ እያነሱ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በተራ ይደረድሯቸዋል። የእኔ በአንድ ወገን አምስት፣ በሌላውም አምስት ነበረው። እያንዳንዱ ፒን በቁልፉ ጥርስ ልክ ስለተቆረጠ ርዝመቱ ይለያያል፤ ሁለቱ ቦታ ከተቀያየሩ የራሳችሁ ቁልፍ አይከፍትላችሁም። በነጭ ጋዝ ታጠቡ፣ ከዚያ በፋርማሲ አልኮል ቅባቱ ተነሳ፣ ደረቁ። የታጠበበት ጋዝ ቡና መስሎ ነበር። ሲገጠም ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ነው። ይህን የፒን አሠራር ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1860ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያስመዘገበው ሲሆን፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ጠፍጣፋ ቁልፍ የመጣው ከዚያ ነው።

ቤት ለምታከራዩ፦ ተከራይ በወጣ ቁጥር አዲስ ሲሊንደር አትግዙ። ፒኖቹን በአዲስ ቁልፍ ልክ ቀይሮ የሚገጥም ባለሙያ ካገኛችሁ ያው ሲሊንደር የድሮውን ቁልፍ አይቀበልም። ቁልፍ ስታስባዙም ከዋናው ይሁን፤ ከቅጂ ቅጂ ሲወጣ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል።

መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ካልሆነም ከቪቴዋ ቀዳዳ መሃል እስከ እያንዳንዱ ጫፍ በሚሊ ሜትር ለኩ። 30 በ30 እና 30 በ40 አንድ አይደሉም፣ ሻጩ «ይሆናል» ቢላችሁም አይሆንም። ከበሩ ሳህን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። በእጃችሁም መዝኑት፦ ነሐስ ከብድ ይላል፣ ርካሹ ቀለም የተነከረ ቅይጥ ቀለል ይላል። ከቱርኩ ካሌና ከጣሊያኑ ሲሳ መካከል እኔ ቤት ያለው ካሌ ነው፣ ረክቼበታለሁ። ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ቁልፎቹ ሁሉ አብረው የታሸጉ መሆኑን ግን ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

አንድ በጣም የማሳስበው ነገር አለ። በሁለቱም ወገን በቁልፍ የሚሠራ ሲሊንደር፣ ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶ ከቀረ አብዛኛው ከውጭ አይከፈትም። እናቴ ስኳር አለባት። አንድ ቀን ቆልፋ፣ ቁልፉን እንደተሰካ ትታ ተኛች። ከውጭ የእኔ ቁልፍ ግማሽ መንገድ ገብቶ ቆመ። አርባ ደቂቃ ያህል በሩን ስደበድብ፣ ጎረቤት በመስኮት ሲጠራ፣ ልቤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ደግነቱ ነቃች። በተቃራኒው ደግሞ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳና የውስጡ ቁልፍ የት እንዳለ ባይታወቅ መውጫ የለም። አዛውንት ወይ ልጆች ያሉበት ቤት ከውስጥ በእጅ የሚዞር ጉብታ ያለውን ግዙ። በሩ ላይ መስታወት ስላለ ሁለቱም ወገን በቁልፍ ይሁን ካላችሁ፣ «ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶም ከውጭ የሚከፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እንደዚያ ያለም አለ። ሱቁ ውስጥ አንዱን ቁልፍ ሰክታችሁ ሌላውን በማዶ ሞክሩት።

ስትገጥሙት ቪቴዋን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፣ ሲሊንደሩን ወደ ጎን ስባ ቁልፉን ታከብደዋለች። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ክፍት እንዳለ ከሁለቱም ወገን ምላሱን አስወጥታችሁ አስገቡት፣ ሁሉንም ቁልፍ በየተራ።