ከኮርኒንግ የመጣ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ተሰነጠቀብኝ፤ አክስቴ እሁድ ትመጣለች!

ሶሲ_ፍራንኮ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20)
ሰላም የአዳማ ልጆች። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ በእግዚአብሔር። ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ነው፣ ውስጡ ነጭ ጥምዝምዝ መስመር ያለው። አሁን ሳጥበው ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ተሰነጠቀ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ኮርኒንግ የሚባል ከተማ የብርጭቆ ሙዚየም ሄዶ፣ ከባለሙያ ጋር ሆኖ፣ በራሱ ትንፋሽ ነፍቶ የሠራው ነው። አክስቴ አውሮፕላን ላይ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችልኝ። እሁድ ምሳ እኛ ጋ ናት። ምን ዓይነት ሙጫ ይይዘዋል? አዳማ ውስጥስ የት አገኛለሁ?

ባጃጅ_ደምበላ
ሱፐር ግሉ። የትም ሱቅ አለ። በአምስት ደቂቃ ትገላገያለሽ።

እማማ_ቡና_ጠጡ
አይዞሽ ልጄ፣ ክፉውን ይዞ ይሂድ። እጅሽን አልቆረጠሽም አይደል? መጀመሪያ ጫማ አድርጊ፣ ልጆቹን ከዚያ አርቂ። ስባሪ ወለል ላይ አይታይም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው።

ፍሬም_ሠሪው
እህቴ፣ ሙጫ ከመጥራታችን በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ስንጥቁ ምን ያህል ይረዝማል? ጥፍርሽን ስታሳልፊበት ይይዝሻል ወይስ ለስላሳ ነው? የተለየ ቁራጭ አለ? በምን ውሃ ነው ያጠብሽው? እኔ በቀን ስንት መስታወት እቆርጣለሁ፣ መልሱ እንደ ስንጥቁ ይለያያል። እስከዚያው ደግመሽ አትጠቢው፣ ፀሐይ ላይም አታስቀምጪው።

ሶሲ_ፍራንኮ
ከአፉ እስከ ሆዱ አንድ ስንዝር ይሆናል። ጥፍሬን ከላይ ትንሽ ይይዘኛል፣ ወደ ታች ግን ምንም አይሰማኝም፤ ወደ ብርሃን ሳዞረው ብቻ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ ይላል። ከሥር ያለው ክብ መቆሚያውም ለቋል። ማታ በረንዳ ላይ ረስቼው አደረ፣ የሻማ ነጠብጣብ ስለነበረበት ጠዋት የፈላ ውሃ ከፔርሙዝ ገለበጥኩበት። «ቀጭ» አለ፣ አንዴ ብቻ።

ጋሽ_ኬሚስትሪ
ልጄ ሶሲ፣ ጡረታ ብወጣም ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዕቃሽን የሰበረው የሙቀት ልዩነት ነው። በዚህ የታኅሣሥ ብርድ በረንዳ ላይ ያደረ ዕቃ ጠዋት 11 እና 12 ዲግሪ ቢሆን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላልን በ95 ገደማ ነው፣ 100 አይደርስም። ቢሆንም ወደ 80 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት በአንድ ጊዜ አረፈበት። ብርጭቆ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ውሃው የነካው የውስጡ ገጽ ወዲያው ይለጠጣል፣ የውጪው ገና ብርድ ላይ ነው፤ ስለዚህ የውጪው ይወጠራል። ብርጭቆ ደግሞ መጨመቅን ይችላል፣ መወጠርን ግን አይችልም። አፉ ላይ ዓይን የማያየው ጭረት ከነበረ ከዚያ ይጀምርና ይሮጣል።
ይህ ነገር የባቡር ሰዎችንም አስቸግሮ ነበር፤ እኛም የባቡር ከተማ ልጆች ነንና ልብ በሉ። የምልክት ፋኖስ ውስጡ እሳት፣ ውጪው በረዶና ዝናብ ሲሆንበት መስታወቱ ይሰነጠቅ ነበር። የኮርኒንግ የብርጭቆ ፋብሪካ ሙቀት ሲነካው ብዙ የማይለጠጥ ብርጭቆ የሠራው ለዚያ ነው። ከዚያ በ1913 እ.ኤ.አ. የፋብሪካው ተመራማሪ የጄሲ ሊትልተን ባለቤት ቤሲ፣ የድሮ ባትሪ ፈሳሽ ይያዝበት ከነበረ ማሰሮ ተቆርጦ በቀረ የብርጭቆ ቂጥ ላይ ኬክ ጋገረች። በ1915 ፓይሬክስ የተባለው ምድጃ የሚገባ የብርጭቆ ዕቃ ገበያ ወጣ። የዚህ ዓይነቱ ብርጭቆ የሚለጠጠው የተራውን ሲሶ ያህል ነው። የጌጥ ብርጭቆ ግን አብዛኛው ተራው ዓይነት ነው፣ ለነፊው ስለሚታዘዝለት። ፓይሬክስ ከወጣበት ከተማ መጣ ተብሎ የፈላ ውሃ አይደፋበትም።

ባጃጅ_ደምበላ
ጋሼ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ሙጫውስ? ሱፐር ግሉ ብያለሁ።

ነፋስ_ነው_አዳማ
እኔ አልስማማም። አዳማ ውስጥ የምን ብርድ ነው? ስንቱ ብርጭቆ በየቤቱ ትኩስ ሻይ ይቀዳበት የለ? ሲሠራ ቀስ ብሎ በደንብ ስላልቀዘቀዘ ነው። ልጁ ጀማሪ ነው፣ ሥራው ጉድለት ነበረበት። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?

ጋሽ_ኬሚስትሪ
የሻይ ብርጭቆ ስስ ነው ወንድሜ፣ ከውስጥም ከውጪም አብሮ ይሞቃል። የእጅ ሥራ ግን ወፍራም ነው፣ አፉ ላይ ሳስቶ ሥሩ ላይ ይወፍራል። በዚያ ላይ ቀዝቅዞ ያደረ ነው። ሲሠራ ቀስ ብሎ ያልቀዘቀዘ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ እያለ፣ ያለ ውሃ፣ በራሱ ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

ሮቸስተር_ያለሁ
የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው ያደግሁት። አሁን ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ነኝ፤ ኮርኒንግ ከእኔ በመኪና ወደ 2 ሰዓት ነው፤ ያለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ሄጄ ስለነበር ስለ መቀዝቀዙ ያየሁትን ልንገራችሁ።
ያን ቀን የመኪናው መለኪያ ከዜሮ በታች 11 ይላል፣ መንገዱ ዳር በረዶው እስከ ጉልበት ተቆልሏል። ገብተን የመነፋቱን ሥራ የሚያሳዩበት አዳራሽ ስንቀመጥ ካፖርታችንን አወለቅን፤ የእቶኑ አፍ ከ1100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ፊትህን ይጠብስሃል። ባለሙያው በብረት ቱቦ ጫፍ ያለውን እያሽከረከረ ያወጣዋል፣ ማር ይመስላል፣ ማሽከርከሩን ለአፍታ ቢያቆም ወደ መሬት ይወርዳል። ልጄ በራሷ ትንፋሽ ኳስ ነፋች። ሲያልቅ «እንካ» ብለው አይሰጡህም፤ ወደ 480 ዲግሪ የሚሞቅ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ሌሊቱን ቀስ እያለ ይበርዳል፣ የምትወስደው በማግስቱ ነው። አለበለዚያ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ዕቃ በሥርዓቱ የቀዘቀዘ ነው።
ደግሞ እዚያው ሙዚየም ውስጥ 5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ትልቅ የብርጭቆ ክብ አለ። በ1934 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ላለው ለፓሎማር ቴሌስኮፕ መስታወት የፈሰሰው የመጀመሪያው ነው፣ ሲፈስ ቅርጽ ማውጫዎቹ ከቦታቸው ለቀው ተበላሸ። ሁለተኛውን አፈሰሱ፣ ለማቀዝቀዝ ብቻ 10 ወር ገደማ ፈጀ። የተበላሸውን አልጣሉትም፣ ሰው ዛሬም ፊቱ ቆሞ ያየዋል። እኔ ከሁሉ በላይ እሱ ፊት ነው የቆየሁት።

ሥልጠና_ሄያጅ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ጥር ላይ ለሥልጠና ወደዚያው ግዛት እሄዳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ይህን ሙዚየም ለማየት አንድ ቀን ይበቃል? መነጽር አደርጋለሁ፣ ካሜራም ይዣለሁ።

ሮቸስተር_ያለሁ
@ሥልጠና_ሄያጅ ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ይበቃሃል፣ ግን ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረስ። የ35 ክፍለ ዘመን ብርጭቆ ነው፣ ከግብፅ ፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ። ዝም ብለህ ከሮጥክ ሁሉም አንድ ይሆንብሃል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ነጩን የዘመናዊ ሥራዎች ክፍል ቀድመህ እይ፣ ጣራው የቀን ብርሃን ያስገባል፣ በጥር ደግሞ እዚያ ቶሎ ይመሻል። ራስህ መሥራት ከፈለግህ በማግስቱ መውሰጃ ቀን ይኑርህ ወይም እንዲልኩልህ ጠይቅ። ከብርድ ስትገባ መነጽርህ ወዲያው በእንፋሎት ይሸፈናል፣ አትሽው፣ ጠብቀው። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት አቆየው፣ አለበለዚያ ሌንሱ ውስጥ ሳይቀር ይረጥባል። ብርጭቆ ከገዛህ ደግሞ መኪና ውስጥ አታሳድረው፤ ካደረም ሆቴል ስትደርስ እስከነመጠቅለያው ተወው፣ ሙቅ ውሃ አታስነካው። የሶሲ ነገር ማለት እሱ ነው።

ሥዕል_ወዳጅ
ለብርጭቆ ጥበብ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደን? አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮት አለ፣ 150 ካሬ ሜትር፣ ሦስት ክፍል። ብርሃን ሲያልፍበት ወለሉ ቀይ ይሆናል። በባቡርም በመኪናም አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ ካፖርትም አያስፈልግም።

ሶሲ_ፍራንኮ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ግን እባካችሁ ወደኔ ተመለሱ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ሊያግዘኝ ብሎ መቆሚያውን በሱፐር ግሉ ለጥፎት አገኘሁት። ጠሟል። ዙሪያውን ነጭ ነጭ ብሏል። ስንጥቁን አልነካውም።

ባጃጅ_ደምበላ
እ... በርታ ወንድሜ።

ፍሬም_ሠሪው
አይዞሽ፣ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ብርጭቆ ላይ የሚጠላው ለዚህ ነው፤ ይነጣል፣ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይለቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግዢ፣ አሴቶን ያለበትን። ጥጥ ነክረሽ መጋጠሚያው ዙሪያ አድርጊ፣ በላስቲክ ሸፍኚው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ካልለቀቀ ድገሚ። በቢላ አትፈልቅቂው። መስኮቱን ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አይሁን።
ከዚያ የሚሆንሽ ሁለት ቱቦ ያለው፣ ቀለም የሌለው፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ነው። «በ5 ደቂቃ» የሚለውን አትውሰጂ፣ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ጋ ጠይቂ፣ አራልዳይት ብትይ ይገባቸዋል፣ ግን «ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ» በይ። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥበሽ አድርቂው፣ በአልኮል ጥረጊው፣ ከዚያ በጣትሽ አትንኪው። መጀመሪያ ያለ ሙጫ ገጥመሽ በስኮች ያዢው። እኩል እኩል ቀላቅለሽ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ትንሽ ብቻ። የተረፈውን ደረቅ ከማለቱ በፊት በምላጭ ታነሺዋለሽ። 24 ሰዓት አይነካ።

ባጃጅ_ደምበላ
አልኮሉ አረቄ ይሆናል?

ፍሬም_ሠሪው
አይሆንም፣ ውሃ ይበዛበታል። ከፋርማሲ።

የመኪና_መስታወት
ለስንጥቁ ኢፖክሲ ወፍራም ነው፣ ውስጥ አይገባም። እኛ የመኪና የፊት መስታወት ስንጥቅ የምንሞላበት እንደ ውሃ የቀጠነ ሙጫ አለ፣ አፉ ላይ ጠብ ስታደርጊው በራሱ ስቦ ይወርዳል፣ ስንጥቁ ዓይንሽ እያየ ይጠፋል። የሚደርቀው በፀሐይ ነው፣ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ይበቃዋል። ሰማያዊው በጣም ጥቁር ከሆነ ግን ብርሃኑ አያልፍለትም፣ መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ሞክሪ። ዕቃውን ይዘሽ ወደ አንዱ የመኪና መስታወት ጠጋኝ ሂጂ፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው። መቆሚያው በኢፖክሲ፣ ስንጥቁ በዚህ።

እማማ_ቡና_ጠጡ
ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልሽ? ለምን ትደብቂያታለሽ? አክስትሽ ናት። ንገሪያት።

ሶሲ_ፍራንኮ
እማማ፣ ልንገራት ብዬ ስልኩን ሁለቴ አንስቻለሁ። ልጇ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዴም አልመጣም። መቆሚያው አጠገብ የስንዴ ፍሬ የምታክል አረፋ ብርጭቆው ውስጥ አለች። እየመጣች እሷን ታያለች፣ «ይቺ የልጄ ትንፋሽ ናት» ትላለች። ስንጥቁ አረፋዋ ጋ አልደረሰም፣ ሁለት ጣት ይቀረዋል።

እማማ_ቡና_ጠጡ
እንግዲያው አረፋዋን ይዘሽ ንገሪያት። «እሷ ተርፋለች» ብለሽ ጀምሪ። ሙጫውን ራሷ ከምታገኘው ካንቺ ብትሰማ ይሻላታል።

ሮቸስተር_ያለሁ
በ1972 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ጎርፍ ያን ሙዚየም ሞልቶት ነበር። ከ13,000 ዕቃ 528ቱ ተጎድተው ባለሙያዎች ጠግነዋል። የተጠገነ ዕቃ ሙዚየም ውስጥ ይቆማል ሶሲ፣ እናንተ ቤት ቢቆም ምን ነውር አለው?

ሶሲ_ፍራንኮ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:40)
መቆሚያው በአሴቶን ለቀቀ፣ በኢፖክሲ ተገጥሟል፣ ስኮቹ እንዳለ ነው። ስንጥቁን ዛሬ ከሰዓት ጠጋኙ ሞላልኝ፤ ከላይ ጥፍር የሚይዘው ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ቀርታለች፣ የቀረው ጠፍቷል። ውሃ አላደርግበትም፣ ደረቅ አበባ ገዝቻለሁ። ነገ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ስትመለስ እነግራታለሁ።

ፍሬም_ሠሪው
ጎበዝ። ስኮቹን ስታነሺ ስንጥቁ በሚሄድበት አቅጣጫ ላጪው፣ አቋርጠሽ አትሳቢ።

ሥልጠና_ሄያጅ (ማክሰኞ)
ሶሲ፣ አክስትሽ ምን አሉ?

እማማ_ቡና_ጠጡ (ዓርብ)
እኔም እየጠበቅሁ ነው ልጄ።