አስቸኳይ፦ የውሻው አፍ ከድምፁ እየቀደመ ነው፣ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ

ቅርፅና ቀለም፦
በናታችሁ የገባው ሰው ካለ ይድረስልኝ። የልጆች አኒሜሽን ነው፣ አንድ ክፍል፣ 11 ደቂቃ። ነገ ጠዋት ጣቢያው ይረከበኛል። አንዲት ልጅና የሚያወራ ውሻዋ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የውሻው አፍ ከድምፁ ጋር ልክ ነው። ትንሽ ቆይቶ አፉ መቅደም ይጀምራል። መጨረሻ ላይማ ውሻው አፉን ዘግቶ ተኝቷል፣ ድምፁ ገና ያወራል። የከንፈር ማመሳሰያው አድኦን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ያበላሸው መሰለኝ። ትናንት እኮ ደህና ነበር! ኪፍሬሞቹን (እንቅስቃሴውን የሚወስኑትን ምልክቶች) አንድ በአንድ በእጄ ልግፋ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሌላም አለ። ውሻው ልጅቷን እንደ ጌም እንስሳ ከኋላ ከኋላ እንዲከተላት ነው የሠራሁት፣ ሲሄድ ግን እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል። እሱ ይቆይ። መጀመሪያ አፉ።

ሞክሩት፦
አድኦኑን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። ካሹን (ፕሮግራሙ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽጂ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ። ለኔ ሠርቷል።

አዳኝ ባለተኩላ፦
ውሻውን አብልተሽዋል? ሃሃ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አዳኝ ሆኖ የሚጫወት ሰው እንስሳውን መመገብ ነበረበት። የከፋው እንስሳ ከጉልበቱ 75 በመቶውን ብቻ ነው የሚመታልሽ። ደስ ያለው 125 በመቶ። ጭራሽ ቸል ካልሽው ጥሎሽ ይሄዳል። ያንቺም ያኮረፈ ነው የሚመስለው።

ቅርፅና ቀለም፦
አቦ ቀልዱን ለነገ ማታ አቆዩልኝ። ሪስታርት አድርጌያለሁ፣ ያው ነው።

ነገረኛ፦
ቆይ ግን፣ ውሻ 11 ደቂቃ ሙሉ ምን ያወራል? የእንስሳ ጓደኛ ደስ የሚለው ሳያወራ ሲገባሽ ነው። ጆሮው ሲቆም፣ ጭራው ሲወርድ ሕፃን ልጅ ወዲያው ይረዳዋል። እናንተ ግን እንስሳ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ካልለፈለፈ የማይበቃችሁ ናችሁ። ንግግሩን ቀንሺው፣ የከንፈሩም ጣጣ አብሮ ይቀንሳል።

ቅርፅና ቀለም፦
ድምፁ ተቀርጾ አልቋል፣ ተዋናዩም ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ነገ ነው ያልኩት እኮ!

ሚክስ ክፍል፦
አድኦኑን ተይው፣ እሱ አይመስለኝም። በምን ፕሮግራም ነው የሠራሽው? ድምፁ አንድ ረጅም ፋይል ነው ወይስ ተቆራርጦ የገባ? ዋናው ደግሞ፣ አፉ ድምፁን በስንት ሰከንድ ነው የሚቀድመው? አንዴ መጀመሪያው አካባቢ፣ አንዴ መጨረሻው ላይ ለኪና ንገሪን።

ቅርፅና ቀለም፦
ብሌንደር። ድምፁ ስቱዲዮ ተሚክሶ የመጣ አንድ ረጅም ዌቭ ፋይል ነው። አሁን ለካሁት። አንደኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቀድማል። መጨረሻ ላይ 26 ሰከንድ።

ሚክስ ክፍል፦
በቃ ተገኘ። በሰከንድ የሚሄደውን የፍሬም (የሥዕል) ብዛት ከ24 ወደ 25 ቀይረሽዋል፣ አይደል?

ብሌንደር አዲስ ስትከፍቺው ራሱ የሚሰጥሽ 24 ነው። 11 ደቂቃ ማለት 660 ሰከንድ፣ በ24 ሲባዛ 15,840 ፍሬም። ያንኑ ፍሬም በ25 ስታጫውቺው በ633.6 ሰከንድ ያልቃል። ከ660 ሲቀነስ 26.4 ሰከንድ። የለካሽው ራሱ ነው። ኪፍሬም የሚታሰረው በፍሬም ቁጥር ነው፣ የድምፅ ፋይል ግን የሚሄደው በሰዓት ነው። ብዛቱን ስትቀይሪ ሥዕሉ ፈጠነ፣ ድምፁ በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ። ልዩነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው።

ኪፍሬም በእጅሽ እንዳትገፊ። አንዱን ብትነኪ ሁሉም ይበላሻል።

ቅርፅና ቀለም፦
አዎ ቀይሬዋለሁ፣ ጣቢያው የላከው መመሪያ 25 ነው የሚለው። ከአፉ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነው ያልጻፍኩት። አሁን ወደ 24 ልመልሰው? ግን 24 አይቀበሉኝም። ሬንደሩን (ሥዕሎቹን አስልቶ ማውጣቱን) እንደገና ከጀመርኩ ደግሞ እስከ ጠዋት አያልቅም!!

ጋሽ ፍሬም፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩ ከሥሩ ይግባሽ። 24 የጸናው ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር ነው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ። ቴሌቪዥን ደግሞ የመብራቱን ኃይል ተከትሎ ሄደ። መብራቱ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዑደት) የሆነበት አገር 25 ያዘ፣ 60 ኸርዝ የሆነበት 30 ያዘ። በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ አሜሪካኖቹ 30ውን ወደ 29.97 ዝቅ አደረጉት። የሲኒማ ፊልም 25 በያዘው አገር ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ በ4 በመቶ ይፈጥን ነበር። የተዋናዩ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል፣ ፊልሙም ከሲኒማው ቀደም ብሎ ያልቃል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ግን ልብ አይልም። በእኛ ጊዜ ይህን ሳያውቅ ማንም ሞንታዥ ክፍል አይገባም ነበር። አሁን ሁሉም ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነና…

ሰዓት እላፊ፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ግን ነገ ጠዋት ነው የምታስረክበው።

ጋሽ ፍሬም፦
ትምህርቱን ቀድማ ብትወስድ ኖሮ ዛሬ አትሯሯጥም ነበር።

ሞክሩት፦
ካሹን ግን አጽድተሽዋል?

ሚክስ ክፍል፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ሬንደር ያደረግሽው ወደ ቪዲዮ ፋይል ነው ወይስ ወደ ፒኤንጂ ምስሎች?

ቅርፅና ቀለም፦
ፒኤንጂ። 15,840 ምስል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

ሚክስ ክፍል፦
እንግዲያው ተርፈሻል። ምስሎቹ ምንም አልሆኑም። 500ኛው ፍሬም በ24 ብታጫውቺውም በ25 ያው አንድ ሥዕል ነው። የተሳሳተው የሚጫወቱበት ፍጥነት ብቻ ነው። ብሌንደርን ዝጊው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም አለሽ? ነፃው ይበቃል። አዲስ ፕሮጀክት ክፈቺና ምንም ፋይል ሳታስገቢ የታይምላይኑን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበትን መስመር) ፍጥነት 25 አድርጊ። ፋይል ከገባ በኋላ እምቢ ይልሻል፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ከዚያ የምስሎቹን ፎልደር አስገቢ። ክሊፑን በቀኝ ተጭነሽ ክሊፕ አትሪቢዩትስ ውስጥ ግቢና ፍሬም ሬቱን 24 አድርጊው። ወደ ታይምላይኑ አውርጂው፣ ድምፁን ከሥሩ አስቀምጪ። 11 ደቂቃው 11 ደቂቃ ሆኖ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ አንድ ፍሬም እየደገመ 25 ይሞላልሻል። ሪታይም ፕሮሰስ የሚለውን ኒረስት ላይ አድርጊ። ኦፕቲካል ፍሎው እንዳትመርጪ። እሱ የሌለ ሥዕል ከመሃል ልፍጠር ይልና የውሻውን እግር ያቀልጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ ጋሽ ፍሬም ያሉት ነው። ምስሎቹን 25 ትያቸዋለሽ፣ ድምፁን በ104.17 በመቶ ታፈጥኚዋለሽ፣ ቃናው እንዳይቀጥን ፒች የሚጠብቀውን ምልክት ታበሪያለሽ። እንቅስቃሴው ይበልጥ ለስላሳ ይሆናል።

ሰዓት እላፊ፦
ሁለተኛውን ባታደርጊው ይሻላል። ክፍሉ 10 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ይሆናል። ጣቢያ ደግሞ የልጆች ፕሮግራም 11 ደቂቃ የሚለው ሁለቱን አጋጥሞ ከማስታወቂያ ጋር ግማሽ ሰዓት ስለሚሞላበት ነው። 26 ሰከንድ ጎድሎ ከመጣ ሊመልሱብሽ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ግን አንድ ጣጣ አለው፣ ሚክስ አልነገረሽም። ካሜራው ቀስ ብሎ ጎን ለጎን በሚሄድበት ሾት ላይ የተደገመው ፍሬም ያስታውቃል። ያዝ ለቀቅ ይላል። ውሻው ቆሞ ሲያወራ ማንም አያይም። እንዲህ ያለ ሾት ካለሽ እሱን ብቻ ነጥለሽ ብሌንደር ውስጥ በ25 እንደገና ሬንደር አድርጊ። ፍሬም ሬቱ ሥር ታይም ስትሬቺንግ የሚባል አለ። ኦልድ 24፣ ኒው 25 በይው፣ እንቅስቃሴውን ራሱ ይዘረጋልሻል። የመጨረሻውን ፍሬም ቁጥር ግን አንቺ ነሽ የምትቀይሪው። 240 ፍሬም የነበረ ሾት 250 ይሆናል። ጆሮው ወይም ፀጉሩ ላይ ፊዚክስ ካለ ከዚህ ጋር ላይስማማ ስለሚችል መጀመሪያ ጥቂት ፍሬም አውጥተሽ እይው።

አዳኝ ባለተኩላ፦
የእግሩን መንሸራተት ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልመልስ። ጌም ውስጥ የሚከተልሽ እንስሳ እግሩ መሬት የያዘ የሚመስለው ፍጥነቱ ሲጨምር የእግሩም እንቅስቃሴ አብሮ ስለሚቀየር ነው። ቀርፋፋ ሲሆን ይራመዳል፣ ስትርቂው ይሮጣል። ያንቺ ውሻ ግን ልጅቷ ብትሮጥም ብትራመድም አንድ ዓይነት እርምጃ ነው የሚረግጠው።

እርምጃውን ለኪ። አንድ ዙር የእግር እንቅስቃሴው 24 ፍሬም ከሆነና በዚያ ዙር የሚረግጠው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ውሻውም በ24 ፍሬም ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው መሄድ ያለበት። 80 ከሄደ 20ዋ መንሸራተት ናት። ወይ መንገዱን አዘግዪ ወይ ዙሩን አፍጥኚ። አንድ እግሩ መሬት የነካበት ፍሬም ላይ ቆመሽ፣ እግሩ እስኪነሳ ድረስ መዳፉ ከመሬቱ ምልክት ካልተነቃነቀ ገብቶልሻል ማለት ነው።

ነገረኛ፦
ከጌም መኮረጁ ራሱ ነው ስህተቱ። ጌም ውስጥ እንስሳው የሚከተለው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው፣ መንገዱን ኮምፒውተሩ ይፈልግለታል። ዋሻ ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ ዘልለን ስንወርድ ተኩላው በሌላ መንገድ ዞሮ፣ ያገኘውን ጭራቅ ሁሉ አስከትሎ ይመጣብን ነበር። ቡድኑ በሙሉ ይሞታል፣ ስድቡ አዳኙ ላይ።

አዳኝ ባለተኩላ፦
ከመዝለልህ በፊት ተኩላህን አሰናብተህ ታች ስትደርስ መጥራት ነው። የተሰደብከው በራስህ ጥፋት ነው።

ነገረኛ፦
እሺ አንተ አዋቂው። እኔ የምለው ግን ለልጆች በሚሠራ አኒሜሽን ውሻ ዝም ብሎ አይከተልም። ይቆማል፣ ያሸታል፣ ይቀርና ሮጦ ይደርሳል። እያንዳንዱ መዘግየት ምክንያት ይፈልጋል። በየመሃሉ ቆም ካለ ደግሞ የሚንሸራተትበትም ጊዜ ያጥራል።

ሰዓት እላፊ፦
ለነገ እሱ ሁሉ አይደርስም። የሚንሸራተትበትን ሾት ኤዲቲንጉ ላይ ትንሽ አቅርቢና እግሩ ከፍሬሙ ውጭ ይሁን። ብዙ አታቅርቢው እንጂ፣ ምስሉ ይደበዝዛል።

ቅርፅና ቀለም፦
ከፍቼዋለሁ። 24 አልኩት፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ልክ ናቸው!!! ተባረኩ። ዛፉ ጋ ካሜራው የሚሄድበት ግን እውነትም ያዝ ለቀቅ ይላል። እሱን ሬንደር ላስጀምርና መጨረሻውን አይቼ እጽፋለሁ።

ጋሽ ፍሬም፦
ከመላክሽ በፊት የተላከልሽን መመሪያ ደግመሽ አንብቢ። የድምፁ ሳምፕል ሬት 48 ኪሎ ኸርዝ መሆኑን፣ ኢንተርሌስድ (እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ግማሽ የሚላክበት) ይፈልጉ እንደሆነ፣ መጀመሪያው ላይ የቀለም ባር ይጠይቁ እንደሆነ እይ። እንዲህ ያለውን ማንም አያነብም።

አዲስ ገቢ፦
ጉዳዩ እንዴት አለቀ? እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የኔ ግን በ30 ሠርቼ 29.97 ነው የተጠየቅኩት። መጀመሪያው ልክ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይዛነፋል። 11 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ሚክስ ክፍል፦
እሷ አልተመለሰችም። ያንተ ግን ቀላል ነው። ልዩነቱ 0.1 በመቶ ነው፣ በ11 ደቂቃ 0.66 ሰከንድ ይሆናል። ያንተ ሥዕል ዘገየ እንጂ አልፈጠነም፣ ስለዚህ ድምፁ ነው የሚቀድመው። ድምፅ ሲቀድም ደግሞ ሲዘገይ ከሚረብሸው የበለጠ ይረብሻል፣ እንዲሁ እንዳትተወው። ድምፁን 99.9 በመቶ ፍጥነት አድርገው፣ ቃናው መቀየሩ በጆሮ አይሰማም። እሱ ካልሠራ ሌላ ጥያቄ ክፈት፣ ይሄ በጣም ረዝሟል።