ሱፐርማን ራሱን ወደ ሕዋ ያሰደደው ንስሐ ነው ወይስ ሽሽት?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ነው ቤተሰብ? እዚህ ኮዬ ፈጬ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ እስኪያልቅ ኮሚክ ማንበብ ነው ሥራዬ። ሰሞኑን የድሮውን ሱፐርማን ይዤ ያ ራሱን ከምድር ያባረረበት ታሪክ ላይ ደርሻለሁ። በፈረንጅ 1989 የወጣው ነው፣ በኛ 1981 መሆኑ ነው፣ የግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ዓመት።

ላላነበባችሁ ባጭሩ። በሌላ ዩኒቨርስ ያለች ምድር ላይ ጀነራል ዞድ የሚባል፣ እንደ ሱፐርማን ከክሪፕቶን ዓለም የመጣ ወንጀለኛና ሁለት ግብረ አበሮቹ ሕዝቡን አንድ ሳያስቀሩ ይጨርሳሉ። ሱፐርማን በወርቃማው ክሪፕቶናይት፣ የክሪፕቶን ሰዎችን ኃይል በሚያጠፋው ድንጋይ፣ ኃይላቸውን ይገፍፋቸዋል። እነሱ ግን ኃይላችንን አስመልሰን ያንተንም ምድር እንጨርሳታለን ብለው ይዝታሉ። ገዳዩን አረንጓዴ ክሪፕቶናይት አወጣና ሦስቱንም ገደላቸው፣ እዚያው፣ አቅም አጥተው እየለመኑት። ይሄ ደራሲው ጆን በርን ሱፐርማንን መሥራት ከመልቀቁ በፊት የሠራው ነው፣ 1988። ከሱ በኋላ የመጡት፣ ሮጀር ስተርንና ጄሪ ኦርድዌይ፣ ነገሩን ዝም ብለው አላለፉትም። ሰውዬውን ጸጸት ይበላዋል፣ በመጨረሻ መተንፈሻ ጭንብል አጥልቆ ምድርን ጥሏት ይሄዳል።

ጥያቄዬ፦ ምድር ላይ የቀረው ሕዝብ ምን አጠፋ? አውሮፕላን ሲወድቅ ማን ይያዝለት? እሱ ሕሊናዬ አላስተኛኝም ብሎ ከሄደ ለኔ ይሄ ሽሽት ነው። እናንተስ?

ጣፎ ማዶ፦
ጋንግባስተርን ዘለልከው እኮ! ሰውዬው የሄደው አዝኖ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ራሱን ሳያውቅ የጋንግባስተርን ልብስና የራስ ቁር አድርጎ እየወጣ ወንበዴ ይደበድብ ነበር። ጋንግባስተር ደግሞ ሌላ ወንበዴ አሳዳጅ ጀግና ነው፣ ሆሴ ዴልጋዶ የሚባል። ጠዋት ሲነሳ ምንም ትዝ አይለውም። እስቲ አስበው፣ ተራራ የሚያነሳ ሰው ሌሊት እጁ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። አንተ ጎረቤቱ ብትሆን ይቆይ ትላለህ? እኔ በበኩሌ ሻንጣውን እይዝለታለሁ።

ቀልደኛው፦
ቪዛ ሳይጠየቅ የተሰደደ የመጀመሪያው ሰው 😂 ደላላም አልበላው

ከሰንዳፋ፦
እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። እኛ አካባቢ ሰው የገደለ መጀመሪያ ቀዬውን ይለቃል፣ አንዳንዴ ቤተሰቡም ጭምር። ይሄን ማንም ሽሽት አይለውም። የሟች ወገን ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ደሙ እንዲበርድ ነው። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። መጀመሪያ የሟች ወገን እንቢ ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ይለምናሉ፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጉማው (የደም ካሳው) ይወሰናል፣ ከብት ይታረዳል፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ያኔ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይመለሳል። መሄዱ የነገሩ ግማሽ ነው፣ መመለሻውን ግን ሌላ ሰው ነው የሚከፍትለት።

ሱፐርማን መሄዱን አደረገ፣ ሌላውን አላደረገም። ግን ማን ጋ ሽማግሌ ይላክ? ዞድ ወገን የለውም፣ ዞድ የፈጃቸው ሰዎችም አንድ የቀረ የላቸውም። ስለዚህ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ተቀጪ ሆነ። ልብ በሉ ደግሞ፣ እነዞድ ላይም የፈረደው ልክ እንደዚሁ ብቻውን ቆሞ ነበር። የሚያስጨንቀው ነገር መግደሉ ብቻ ቢመስለውም ብቻውን መፍረዱን እንደገና ደገመው፣ አሁን በራሱ ላይ።

የኮዬ ልጅ፦
@ከሰንዳፋ ይሄ ጥሩ ነው፣ በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ግን እኮ ይብስ ያንተ ሐሳብ እኔን ይደግፋል። ማንም ሳይጠይቀው የሄደ ሰው ማን ተመለስ ሊለው ነው? እናትና አባቱ ስሞልቪል ቁጭ ብለዋል። እነሱ ጋ የቀረችው መልክ ቀያሪዋ ማትሪክስ ደግሞ የክላርክን (የሱፐርማንን የሰው ስም ነው) መልክ ይዛ ትዞራለች። እናት ልጇ መሄዱ ሳያንስ ልጇን የመሰለ ሌላ ፍጡር ኩሽናዋ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ታያለች። ይሄ ሰው ለማን አዘነ?

አራብሳ ብሎክ ጥግ፦
ቆይ ዋርወርልድ የሚባለው የጦርነት ዓለም ታሪክ ጋ ደርሰሃል? ካልደረስክ ዝለለው፣ ላበላሽብህ ነው።

ሕዋ ላይ አየር አልቆበት ራሱን ስቶ ሲንሳፈፍ ባሪያ ነጋዴዎች ያነሱትና ሞንጉል ለሚባለው አምባገነን መጋጠሚያ ሜዳ ይሸጡታል። እዚያ ከድራጋ ጋር ያጋጥሙታል። ድራጋ የሜዳው አንበሳ ነው። ሱፐርማን ይጥለዋል፣ ሕዝቡ ግደለው እያለ ይጮኻል፣ ሞንጉል ያዛል፣ እሱ አልገድልም ይላል። እነዞድ ዘንድ ሊለው ይችል የነበረውን ቃል እዚህ አለው። ይሄ ክፍል ሲያልቅ ዝም ብዬ ስልኩን ይዤ ቀረሁ።

@ከሰንዳፋ ሽማግሌ አጣ ላልከው ደግሞ፣ አገኘ እኮ። ክሌሪክ የሚባል፣ ከክሪፕቶን በጥንት ዘመን የወጣ ሽማግሌ አለ። የተከተሉትን ሰዎች ከክሪፕቶን ይዞ ሲወጣ ሁሉም አልቀውበታል፣ ሰውነታቸው ከዚያ ምድር ውጭ እንዳይኖር ተደርጎ ነበርና። እሱም ያንን ይዞ ነው ያን ሁሉ ዘመን የኖረው። ሁለቱ ትዝታቸውን ይጋራሉ። የሚገርመው ሽማግሌው ነጻ ነህ አይለውም። የራሱን ሸክም ነው የሚያሳየው። ከዚያ በኋላ ነው ሱፐርማን ወደ ቤት ፊቱን ያዞረው።

ከሰንዳፋ፦
@አራብሳ እሺ ይሄማ ሽማግሌ ነው፣ ግን ከገዳይ ወገን ነው 😄 የሟች ወገን አሁንም ባዶ ነው።

ጣፎ ማዶ፦
ሲመለስም ባዶ እጁን አይደለም። ክሌሪክ ኢራዲኬተር የሚባለውን የክሪፕቶን መሣሪያ አሸክሞት ነው የመጣው፣ ያ ዕቃ በኋላ አንታርክቲካ ላይ ምሽጉን ይሠራል፣ ምድርንም ክሪፕቶን ላድርጋት ብሎ ይነሳል። ድራጋ ደግሞ ተሸንፎ በሕይወት መቅረቱን እንደ ውርደት ቆጥሮት ሊበቀል ምድር ድረስ ይመጣል። ማረው ብለን ያጨበጨብንለት ሰውዬ ማለት ነው።

የኮዬ ልጅ፦
እንዲህ ከሆነ ዛሬ ሌሊት አልተኛም። የድራጋው ስንተኛ ቁጥር ላይ ነው? ቴሌግራም ላይ ያለው ላኩልኝ በሞቴ።