የደረሰበት ያልታወቀ ወታደር ቤተሰብ መልስ የሚጠይቀው ከማን ነው?

እኅተ ወታደር (ጥያቄ)፦
ታናሽ ወንድሜ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነበር። ድምፁ ከጠፋ ከ3 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መርዶም አልደረሰንም፣ በሕይወት አለ ያለንም የለም። ደመወዙ ከተቋረጠ በኋላ ባለቤቱ የተተኪዎች አበል ልትጠይቅ ብትሄድ «የሞቱን ማስረጃ አምጪ» ተባለች፤ ማስረጃውን ይሰጣል የተባለው ክፍል ደግሞ ለጻፍነው ማመልከቻ እስካሁን መልስ አልሰጠም። ያዘመተው መንግሥት የት እንደደረሰ ካልነገረን፣ እኛ ከየት አምጥተን እናስረዳለን?

ጠበቃው፦
እኅቴ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካለፈ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ይህ ውሳኔ ጋብቻውንም ያፈርሳል። ባሏን ገና ተስፋ የምታደርግ ሴት ለልጆቿ ጉሮሮ ስትል በገዛ ማመልከቻዋ ትዳሯን እንድታፈርስ መገደዷ፣ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በጡረታ ሕጉ ለሚስት የባሏ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። ይህም ችሮታ አይደለም፤ ወታደሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥትም 25 በመቶ ሲያዋጡበት የቆየ ገንዘብ ነው።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ ያገለገልኩት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። እዚህ በግዳጅ ላይ ሳለ የደረሰበት ያልታወቀ ወታደር፣ ሁኔታው በውሳኔ እስኪለይ ድረስ ደመወዙ መታሰቡን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ እያለም በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች በሚወጣው ጭስ የታመሙ ብዙዎች በሽታው ከአገልግሎታቸው የመጣ መሆኑን አስረዱ እየተባሉ ለዓመታት ተንገላተዋል። ለተዘረዘሩ በሽታዎች ይህን የማስረዳት ሸክም ያነሳላቸው ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ነው (ያውም የቀድሞ ወታደሮች በምክር ቤቱ ደረጃዎች ላይ ካደሩ በኋላ)። መዝገቡ በእጁ ያለው አካል ነው ማስረዳት ያለበት።

ታዛቢ፦
የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን ያቋቋመው አዋጅ 211/1992፣ የመከላከያ ክፍሎች የአገር ደኅንነትን በሚመለከት የሰጡትን ውሳኔ ተቋሙ እንዳይመረምር ይገድባል። ማመልከቻን ያለ መልስ ማስቀረት ግን የአስተዳደር በደል እንጂ የደኅንነት ውሳኔ ነው ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ አቤቱታችሁ ስለ ውጊያው ሳይሆን መልስ ስለተነፈገው ማመልከቻ ቢሆን ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55(7) የመከላከያን አፈጻጸም የማጣራት ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ስለሰጠ፣ ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይም ግልባጭ ላኩ።

እኅተ ወታደር፦
አመሰግናለሁ። ባለቤቱ ጋብቻው የሚፈርስ ከሆነ ፍርድ ቤት እንደማትሄድ ነግራኛለች፤ በእንባ ጠባቂው እንጀምራለን። አቤቱታውን እናታችን ማቅረብ ትችላለች?

ጠበቃው፦
የቤተሰብ አባል ስለሆነች ትችላለች፤ ክፍያም የለውም። ማመልከቻችሁን የተቀበለው ክፍል ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዙ።