ዋይፋይ ላይ ያሉት ላፕቶፖች ፕሪንተሩን «ኦፍላይን» ይሉታል

ሰላም ወገኖች። የቢሯችንን ሌዘር ፕሪንተር ሁሉም ሠራተኛ በኔትወርክ እንዲጠቀምበት እያስተካከልኩ ነው። ፕሪንተሩ በኬብል ስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎች ማገናኛው) ላይ ተሰክቷል። አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው) እንዳይቀያየር 192.168.1.50 ብዬ ቋሚ አድርጌዋለሁ። በኬብል የተገናኙት ዴስክቶፖች ያለ ችግር ያትማሉ።

መከራዬ ላፕቶፖቹ ናቸው። ዋይፋይ የሚያገኙት ከዚያው ስዊች ላይ ከተሰካ ሁለተኛ ራውተር ነው። አይፒያቸው በ192.168.0 ይጀምራል፤ ማለትም ከፕሪንተሩ የተለየ ኔትወርክ ውስጥ ናቸው። ሁሉም ዊንዶውስ 11 ናቸው። ፕሪንተር ፈልጉ ስላቸው ምንም አያመጡም። ስለዚህ በአይፒው ራሴ ጨመርኩት፤ ፖርቱን (የግንኙነት መስመሩን) ቲሲፒ/አይፒ፣ ቁጥሩን 9100 አድርጌ። የሙከራ ገጹ ወጣ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ትንሽ ቆይቶ «ኦፍላይን» ይላል፤ የተላከው ሁሉ ወረፋ ላይ ይከመራል። የሚገርመው፣ በዚያው ሰዓት ፒንግ ሳደርገው (በኔትወርክ መገኘቱን ስፈትሽ) ይመልሳል!

ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጄ እንደገና ጫንኩት። የፕሪንት ስፑለር አገልግሎቱንም (የኅትመት ወረፋውን የሚያስተናግደውን) አጥፍቼ አስነሳሁት። ያው ነው። አንዱን ላፕቶፕ በኬብል ስዊቹ ላይ ስሰካው ግን ወዲያው ይሠራል። እስከዚያው ሰው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ዴስክቶፕ ያለው ጓደኛው ጋ ይሰለፋል (ዴስክቶፕ ያላቸው ደግሞ ፊታቸው እየጠቆረ ነው)።

በፖርቱ ማስተካከያ ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ» የሚል (ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ በኔትወርክ እንዲጠይቅ የሚያደርግ) ምልክት የተደረገበት ሳጥን አለ። እስካሁን አልነካሁትም። ያንን ምልክት ማንሳት ብቻ ይበቃል ወይስ ሁለተኛውን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ) ቀይሬ ሁሉንም አንድ ኔትወርክ ውስጥ ላስገባ?