ኡቡንቱ 22.04 የዩኤስቢ ቦርዴን ካየው በኋላ መልሶ ይጥለዋል

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። አባቴ ቦርከና ወንዝ ዳር ለሚያለማው የሽንኩርት ማሳ የአፈሩን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አርዱዊኖ በተባለ፣ ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እየሠራሁ ነው። ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ሲኤች340 በተባለ ቺፕ ሲሆን፣ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና 20.04 እትም በነበረ ጊዜ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። 22.04ን እንደ አዲስ ከጫንሁ ወዲህ ግን ገመዱን ስሰካ የቦርዱ መብራት ቢበራም የአርዱዊኖ ፕሮግራም የፖርት ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ ያሳየኛል። ሦስቱንም ፖርቶች ሞክሬአለሁ። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ሌላ ለማግኘት ከአዲስ አበባ ማስመጣት ስላለብኝ አስቀድሜ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፣ ከደሴ
አብሽር ወንድሜ፣ ቦርዱን ለመጣል ገና ነው። መብራቱ መብራት የሚያረጋግጠው ኤሌክትሪክ መድረሱን እንጂ መረጃ መተላለፉን አይደለም። በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ ካሉት 4 ሽቦዎች ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ ናቸው፤ ለስልክ ቻርጅ ብቻ ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ ገመዶች ውስጥ ግን የመረጃዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሉም። ስለዚህ ቦርዱን ከመሰካትዎ በፊትና ከሰኩ በኋላ የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ሁለቱን ዝርዝሮች ያነጻጽሩ። አዲስ መስመር ካልተጨመረ ገመዱን ይቀይሩ። ከተጨመረ ደግሞ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብለው ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) የጻፋቸውን የመጨረሻ መስመሮች ይላኩልን፤ እዚያ ውስጥ ስሕተት -71 ወይም -110 ቢገኝ ጥርጣሬያችን ወደ ገመዱ፣ ወደ ፖርቱ ወይም ወደ ኃይል እጥረት ያዘነብላል። እነዚያን መስመሮች ሳናይ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ዝርዝሩ ላይ 1ኤ86፡7523 የሚል መለያ ቁጥር ያለው አዲስ መስመር ተጨምሯል፣ ስሕተት የሚል ቁጥርም የለም። ከርነሉ ግን ቦርዱን ቲቲዋይዩኤስቢ0 ብሎ ከሰየመው በኋላ ወዲያው «ቢአርኤልቲቲዋይ» የሚል ስም ይጠቅስና ግንኙነቱ መቋረጡን ይጽፋል።

መልስ፣ ከወልዲያ
ምክንያቱ ይኸው ነው። ቢአርኤልቲቲዋይ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚገለገሉባቸውን የብሬል ማሳያዎች ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ማሳያዎች አንዱ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር ከእርስዎ ቺፕ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ቦርድዎን የብሬል ማሳያ መስሎት ከሾፌሩ (ቺፑን ከሚያሠራው ፕሮግራም) ይነጥቀዋል። «ሱዶ ኤፒቲ ሪሙቭ ቢአርኤልቲቲዋይ» ብለው ያስወግዱት፤ ቦርዱን ነቅለው ሲሰኩት ፖርቱ ይመጣል።

መልስ፣ ከደሴ
ምርመራው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂያችን፣ በዚህ ላፕቶፕ የብሬል ማሳያ የሚሰካ ሰው ካለ ፕሮግራሙን ፈጽሞ አያጥፉት፤ ለእኛ ትርፍ የመሰለን ነገር ለዚያ ሰው ማንበቢያው ነው። ዩዴቭ (መሣሪያ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ በደንቦች የሚወስነው የሊኑክስ ክፍል) ባለው ዋና የደንቦች ማህደር ውስጥ ቢአርኤልቲቲዋይ የሚል ስም ያለውን ፋይል ስሙን ሳይለውጡ «ኢቲሲ» ሥር ወዳለው የዩዴቭ ደንቦች ማህደር ይቅዱት፤ ከዚያም በቅጂው ውስጥ 1ኤ86 እና 7523 የሚገኙበትን መስመር ብቻ ከፊቱ # አድርገው ያግዱት። ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ሲኖራቸው ዩዴቭ የሚታዘዘው ኢቲሲ ሥር ላለው ነው። ዋናውን ፋይል ቢነኩ ግን ቀጣዩ ማሻሻያ ልፋትዎን ይደመስሰዋል።

ጠያቂው
ላፕቶፑን የምጋራት እኅቴ የብሬል ማሳያ ስለምትጠቀም ሁለተኛውን መንገድ መርጫለሁ፤ የእሷም ማሳያ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ፖርቱ ከታየ በኋላ ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ገጥሞኝ ነበር፤ ስሜን «ዳያልአውት» በተባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ አስገብቼ፣ ወጥቼ እንደገና ስገባ እሱም ተፈታ። አሁን ቦርዱ ፕሮግራሙን ተቀብሏል፤ ነገ ማለዳ ማሳው ላይ እተክለዋለሁ።