አስቸኳይ፦ ሞተሬ ፈረንሳይ ገደል አናት ላይ ቆሞብኛል፤ ባትሪ ዛሬ የት አገኛለሁ?

መንገደኛው_ዳርምሽታት
ሰላም ቤተሰብ። አስቸኳይ ነው፣ ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነው። ሴን ሲር ላፖፒ የምትባል መንደር ውስጥ ነኝ። ከሎት ወንዝ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የተሰቀለችዋ። ሞተሬ አልነሳም ብሏል። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ፣ የ2019 ነው። ከካኦር ስመጣ አቀበቱ ላይ ጉልበት አጣ፣ እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው ያስላል። አቁሜ መንደሩን አንድ ሰዓት ዞሬ ስመለስ ጭራሽ እምቢ አለ። ባትሪው ይመስለኛል። ዛሬ ኦገስት 15 በዓል ነው፣ ቅዳሜም ነው፣ ሁሉ ነገር ዝግ። ነገ ደግሞ እሁድ። ባትሪ የሚሸጥ ክፍት ቦታ የምታውቁ? ሰኞ ኮንክ መግባት አለብኝ፣ ሆቴሉን ከፍያለሁ።

ሊዮን_አቢ
ስታስነሳው ይዞራል ወይስ ጠቅ ብሎ ይቀራል?

የካዛንቺስ_ልጅ
የጎን ማቆሚያው ወርዶ ይሆናላ። ማርሽ ገብቶ ማቆሚያው ከወረደ አይነሳም። እኔ አንዴ ማንሃይም ላይ ግማሽ ቀን አልቅሼ ለካ እሱ ነው።

መንገደኛው_ዳርምሽታት
ይዞራል። በደንብ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አንዴ ፍት ይልና ይሞታል። ማቆሚያው ተነስቷል፣ ኒውትራል ነው። የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል። ቢጫዋ የሞተር መብራት ግን አልጠፋ ብላለች። ባትሪ የት ነው የማገኘው?

ሊዮን_አቢ
ወንድሜ፣ ባትሪ አይደለም። ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ እንደዚያ የሚያዞር ባትሪ ደህና ነው። አሁን መጫኑን ተው። ካልተውክ እውነትም ባትሪ ትፈልጋለህ።

ጥንቃቄ_ይቅደም
ሁሌም የምለውን ልድገመው። ሰው ከመነሳቱ በፊት መዘጋጀት አለበት። ፈረንሳይ ውስጥ ጓንት ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ያውም ሲኢ ምልክት ያለው። አንጸባራቂ ሰደርያም መያዝ አለብህ። መሃል አጥር በሌለው የገጠር መንገድ ፍጥነት ከ2018 ጀምሮ 80 ነው፣ አንዳንድ አውራጃዎች ወደ 90 መልሰውታል፣ ስለዚህ ምልክቱን ማየት ነው። በጋ ላይ ደግሞ አስፋልቱን ሬንጅ ቀብተው ጠጠር በትነው ይሄዳሉ። «ግራቪዮን» የሚል ምልክት ካየህ ኩርባው ላይ ፍሬን እንዳትነካ። ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ተነስቶ ይሄድና...

የካዛንቺስ_ልጅ
ጋሼ፣ ልጁ ቆሟል እኮ። በየትኛው ፍጥነት ነው 80 የሚያልፈው? 😂

ስንዱ_ቱሉዝ
አይዞህ ልጄ። 22 ዓመት እዚሁ አካባቢ ኖሬያለሁ። ከመንደሩ ቁልቁል ወንዙ ዳር ካምፒንግ አለ። በኦገስት በሰው ጢም ብሎ ይሞላል። ግማሹ በካራቫን የመጣ ሆላንዳዊ ነው፣ እነሱ ደግሞ መፍቻና ገመድ አያጡም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መጀመሪያ «ቦንዡር» በል። ሳትል ጥያቄ ከጀመርክ ፊታቸውን ያዞሩብሃል። ብለህ ከጠየቅክ ግን ከምሳ ተነስተው ይረዱሃል። ሰኞ ጋራዥ ይከፈታል ብለህም አትተማመን፣ ብዙዎቹ ሰኞም ዝግ ናቸው።

ቤቲ_ኮሎኝ
እኔ ያልገባኝ፣ ሰው ፈረንሳይ ለመዞር ለምን ሞተር ያስፈልገዋል? በባቡር ካኦር፣ ከዚያ አውቶቡስ። ደርሶ ቫለንትሬ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው። ብርዱም ዝናቡም ለምን?

ሊዮን_አቢ
ቤቲ፣ በአውቶቡስ የሴሌን ሸለቆ አታይውም። ከካብሬሬ እስከ ፊጃክ መንገዱ ከወንዙ ጋር እየተጣመመ ነው የሚሄደው። በአንድ በኩል ነጭ ገደል፣ ከገደሉ ስር የተለጠፉ ቤቶች፣ በሌላው በኩል የዋልነት ዛፍ። የገደሉ ድንጋይ መንገዱ ላይ ጣሪያ ሆኖ ያለፈበት ቦታ ሁሉ አለ፣ ሳታስበው አንገትህን ዝቅ ታደርጋለህ። ካብሬሬ ጋ ፔሽ ሜርል ዋሻ ውስጥ ነጠብጣብ ፈረሶች አሉልሽ፣ ከ25 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው። በቀን የሚያስገቡት ሰው የተቆጠረ ስለሆነ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ቤቲ_ኮሎኝ
እሺ፣ ፈረሶቹን አየ እንበል። አሁን ግን በእግሩ ነው።

ሰልባቲዮ
ብራስልስ ነኝ፣ 15 ዓመት መካኒክ። ወሬውን አቁሙና አንድ ነገር ልጠይቀው። መጨረሻ ነዳጅ የቀዳኸው የት ነው? ምን ቀዳህ?

ኤፍሬም_ዜድ
የጎን ማቆሚያውን አይተኸዋል?

መንገደኛው_ዳርምሽታት
ነዳጅ ችግር የለውም፣ ዛሬ ጠዋት ነው ካኦር ፉል ያደረግኩት። የሱፐርማርኬት ፓምፕ፣ በካርድ። ባዶ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነበር። ሱፐር ነው። እንዲያውም ተገርሜ ነበር፣ ከጎኑ ካለው በግማሽ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ሰልባቲዮ
በግማሽ? ደረሰኙን አውጣና ጽሑፉን እንዳለ ጻፍልኝ።

መንገደኛው_ዳርምሽታት
ሱፐርኤታኖል ኢ85። 13.6 ሊትር። ሱፐር አይደል እንዴ?

ሊዮን_አቢ
ወይኔ።

የካዛንቺስ_ልጅ
😂😂😂 አረቄ ነው ያጠጣኸው! እሱማ ሳል ብቻ መሆኑም እድሉ ነው።

ሰልባቲዮ
አትሳቁ፣ ከጀርመን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። እዚያ ሱፐር ማለት ቤንዚን ነው፣ ፈረንሳይ ግን ሱፐርኤታኖል ሌላ ነገር ነው። ኢ85 ውስጥ ከ65 እስከ 85 በመቶው ኤታኖል ነው። ኤታኖል ጉልበቱ ከቤንዚን ያነሰ ስለሆነ በዛ ብሎ መረጨት አለበት። ያንተ ሞተር ኮምፒዩተር የተለካው ለቤንዚን ነው። ትንሽ ሊጨምር ይሞክራል፣ አቅሙ ያልቅና ቢጫዋን መብራት ያበራል። አየሩ በዛ፣ ነዳጁ አነሰ፣ አቀበት ላይ አሳለው፣ አሁን ደግሞ አልነሳም አለ።

ሞተሩ አልተበላሸም፣ አትደንግጥ። የምታደርገው ይህን ነው። ካምፒንጉ ውረድና ቱቦና ጀሪካን ፈልግ። ሎት ላይ ጀልባ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፣ የጀልባ ሰው ደግሞ የእጅ ፓምፕ አለው። በአፍህ እንዳትስብ። ከላይ በነዳጅ ታንኩ፣ በሰልባቲዮው፣ አፍ አውጣ። ከታች ያለውን የነዳጅ መስመር እንዳትፈታ፣ ግፊት አለው። የቻልከውን ያህል አውጣ፣ ታች የሚቀረው ሁለት ሦስት ሊትር ችግር የለውም። ከዚያ 98 የሚባለውን ቤንዚን ቢያንስ 8 ሊትር ጨምርበት። ቁልፉን ሳታስነሳ ሁለት ሦስቴ ክፈት ዝጋ፣ ፓምፑ አዲሱን ነዳጅ እንዲስብ። መጀመሪያ ትንሽ ይንተባተባል፣ ተወው። ካንዴላ መፍታት ያለብህ ይህን ሁሉ አድርገህ እምቢ ካለ ብቻ ነው።

ስንዱ_ቱሉዝ
ያወጣኸውን መሬት ላይ እንዳትደፋው፣ ወንዙ ዳር ነህ። እዚህ አገር ኢ85 የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው ብዙ ነው። ስጦታ ብለህ ብትሰጠው አንተን 98 እስከሚሸጥበት ይወስድሃል።

ሰልባቲዮ
እትዬ ስንዱ ልክ ናቸው። ለወደፊቱ ደግሞ ጽሑፉን ተወው፣ ቅርጹን እይ። ከ2018 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ቤንዚን ክብ ውስጥ ይጻፋል፣ ናፍጣ አራት ማዕዘን ውስጥ። ክቡ ውስጥ 5 ወይም 10 ከሆነ ያንተ ነው። 85 ከሆነ እለፈው። የሰልባቲዮህ ክዳን አካባቢም ያው ክብ ምልክት ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ቤቲ_ኮሎኝ
ነገ የሚሄደው ፊጃክ አይደል? የሻምፖሊዮን የትውልድ ከተማ። 1822 ላይ የፈርዖኖቹን ጽሑፍ የፈታው ሰውዬ። የኛው ልጅ የፓምፕ ጽሑፍ አቅቶት ቀረ። 😂

ኤፍሬም_ዜድ
ፊውዝስ? የጎን ማቆሚያው ሴንሰር አንዳንዴ ጭቃ ይይዘዋል።

መንገደኛው_ዳርምሽታት
ማቆሚያው ደህና ነው!!! ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ክብ ውስጥ ኢ5፣ ከጎኑ ኢ10። ሁለት ዓመት ሙሉ ስከፍተው አይቼው አላውቅም። እትዬ ስንዱ፣ ወደ ካምፒንጉ ልወርድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ፆምም ነኝ።

የካዛንቺስ_ልጅ
እነሱ ፍልሰታን ዛሬ አክብረው ጨረሱ፣ አንተ ገና አንድ ሳምንት ይቀርሃል።

ስንዱ_ቱሉዝ
ዳቦና ዋልነት ግዛ፣ ቲማቲምም አይጠፋም። ሰላጣ ካዘዝክ ግን ጠይቅ፣ የዳክዬ ስጋ ጣል ሳያደርጉበት አያመጡትም።

መንገደኛው_ዳርምሽታት
14 ፐርሰንት። ቦንዡር አልኩ። አንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ የእጅ ፓምፕ ይዞ አብሮኝ እየወጣ ነው፣ ሚስቱ ጀሪካን ይዛለች። እሱም ድሮ ሞተር ነበረው፣ አቀበቱን ሙሉ ስለሱ ሲያወራልኝ። ኢ85ቱን አንድ የመንደሩ ሰው ለመኪናው ይፈልገዋል፣ 98 ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። እነግራችኋለሁ።

ሰልባቲዮ
ስታወጣ አጠገብህ የሚያጨስ ሰው እንዳይኖር።

ሊዮን_አቢ
እሺ፣ ተነሳ?

ስንዱ_ቱሉዝ
ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ? ማደሪያ ካጣህ ጻፍልኝ።

ጥንቃቄ_ይቅደም
ጓንት አድርጎ ነው ወይ የሚያወጣው?

ናትናኤል_ሮተርዳም (ከ5 ሳምንት በኋላ)
ሰላም። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ዶርዶኝ ልሄድ ነው፣ ላ ሮክ ጋጃክና ዶም። ደረሰኝ ስለማየት የተባለውን አንብቤያለሁ፣ ተመስገን። ያ ልጅ ግን ተነሳለት?

የካዛንቺስ_ልጅ
ባለፈው ሳምንት እቃ መሸጫው ላይ አይቼዋለሁ፣ የሞተር ጃኬት በትልቁ ቁጥር ይፈልግ ነበር። ፆሙን ሲፈታ ዳክዬው ሳያገኘው አልቀረም።

ኤፍሬም_ዜድ
ማቆሚያው ነበር አይደል?